ነጭ ቀሚስ፣ ጥቁር ካባ፦ የካሜራ ፍላሽን ብርሃን በትክክል መመጠን

በኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በኮሎምበስ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው የክሊንተንቪል ሰፈር፣ በዌትስቶን ፓርክ ውስጥ ባለው ሰፊ የጽጌረዳ አትክልት ስፍራ ይታወቃል። በጁን ወር ጽጌረዳዎቹ ሲፈኩ ሙሽሮች ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደዚያ ያቀናሉ። ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ቀትር በመሆኑ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ የዓይን ጉድጓድና የአገጭ ሥር በጥላ ይዋጣሉ። ሲመሽ ደግሞ ሠርገኛው ወደ ደብዛዛ አዳራሽ ይገባል። በሁለቱም ቦታ ፎቶ አንሺው ካሜራው አናት ላይ የሚሰካውን ፍላሽ ያወጣል። ቪዛ አጥተው አዲስ አበባ ወይም ጎንደር የቀሩ ወላጆች ሠርጉን የሚያዩት በእነዚህ ፎቶግራፎች ነው፤ የሙሽሪት ፊት ቢጠቁር ሠርጉ አይደገምም።

በፍላሽ የተነሣ ፎቶግራፍ በአንድ ጊዜ የሚመዘገቡ የሁለት ብርሃኖች ውጤት ነው። አንደኛው የቦታው ብርሃን፣ ሁለተኛው የፍላሹ ብርሃን ነው። ፍላሹ በሙሉ ኃይሉ ሲበራ እንኳ የሚቆየው በግምት 1/1000 ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የካሜራው መጋረጃ ለ1/60 ሰከንድ ቢከፈትም ለ1/200 ሰከንድ ቢከፈትም የፍላሹ ብርሃን ሙሉ በሙሉ ይገባል። የመጋረጃው ፍጥነት የሚገዛው የቦታውን ብርሃን ብቻ ሲሆን፣ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋትና አይኤስኦ ግን ሁለቱንም ይገዛሉ። በአዳራሽ ውስጥ ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ሁሉ ጨለማ ሆኖ ከወጣ መፍትሔው መጋረጃውን ማዘግየት እንጂ ፍላሹን ማጠንከር አይደለም። ብዙዎች ከፍላሹ ጋር ሲታገሉ የሚያመሹት ይህን ባለመለየታቸው ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ርቀት ነው። የፍላሽ ብርሃን የሚዳከመው በርቀቱ ካሬ ልክ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አራተኛ እጁ ብቻ ይቀራል። የቤተ ዘመድ ፎቶግራፍ እንውሰድ። ከፊት የተቀመጡት አያቶች ከፍላሹ 2 ሜትር፣ ከኋላ የቆሙት ሚዜዎች 4 ሜትር ቢርቁ፣ ሚዜዎቹ የሚደርሳቸው ብርሃን የአያቶቹ አንድ አራተኛ ነው። ለአያቶቹ ቢመጠን ሚዜዎቹ ይጠቁራሉ፤ ለሚዜዎቹ ቢመጠን የአያቶቹ ነጠላ ጥለቱ እስኪጠፋ ይነጣል። ፎቶ አንሺው 2 ሜትር ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ ግን ርቀቶቹ 4 እና 6 ሜትር ይሆናሉ፤ ልዩነቱም ከአራት እጥፍ ወደ 2.25 እጥፍ ይወርዳል። በርቀቱ የሚጠፋውን ብርሃን አይኤስኦውን ከፍ በማድረግ መተካት ይቻላል።

ይህን ስሌት በቀላሉ ለመሥራት አምራቾች ለእያንዳንዱ ፍላሽ መምሪያ ቁጥር ይሰጡታል። ቁጥሩን ለርቀቱ ማካፈል የሌንሱን ቀዳዳ ይሰጣል። በአይኤስኦ 100 መምሪያ ቁጥሩ በሜትር 40 የሆነ ፍላሽ፣ 5 ሜትር ላይ ላለ ሰው ኤፍ 8 ይፈልጋል። አይኤስኦው 400 ሲሆን ቁጥሩ እጥፍ፣ ማለትም 80 ይሆናል። አምራቾች ለማስታወቂያ የሚያወጡት ቁጥር ብዙውን ጊዜ የፍላሹ ጨረር በጣም ሲጠብ የሚገኘው ስለሆነ፣ በሰፊ ሌንስ የሚያነሣ ሰው ያንኑ ኃይል መጠበቅ የለበትም።

አሁን ወደ ጽጌረዳው ስፍራ እንመለስ። ደመና በሌለበት ቀትር፣ በአይኤስኦ 100 እና በ1/250 ሰከንድ፣ የፀሐዩ ብርሃን ኤፍ 11 ገደማ ይጠይቃል። በብዙ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም ከ1/250 በላይ ከተፈጠነ አንደኛው መጋረጃ ከፍቶ ሳይጨርስ ሁለተኛው መዝጋት ስለሚጀምር፣ ፎቶግራፉ ላይ ፍላሹ ያልደረሰበት ጥቁር ሰቅ ይታያል። ስለዚህ 40ን ለ11 ስናካፍል ያው ፍላሽ ከፀሐይ ጋር የሚተካከለው እስከ 3.6 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ጥላውን ለማለስለስ ግን የፀሐዩን ግማሽ ያህል ብርሃን ስለሚበቃ 5 ሜትር ድረስ መራቅ ይቻላል።

ለመሆኑ ቲቲኤል የሚባለው አውቶማቲክ ልኬት ይህን ሁሉ አያቃልልም? በከፊል ያቃልላል። ፍላሹ አስቀድሞ ትንሽ ብልጭታ ይልካል፤ ካሜራው ተንጸባርቆ የተመለሰውን ለክቶ ኃይሉን ይወስናል። ችግሩ ካሜራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም 18 በመቶ ያህል ብርሃን የሚያንጸባርቅ ነገር አድርጎ መገመቱ ነው። የሀበሻ ቀሚስ ፎቶግራፉን ሲሞላው መሣሪያው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ኃይሉን ይቀንሳል፤ ቀሚሱ አመድማ፣ የሙሽሪት ጠይም ፊት ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በመልሱ ዕለት ጥቁር ከፋይ ካባ ሲለበስ ተቃራኒው ይሆናል፤ ፊት ይነጣል፣ ወርቀ ዘቦውም ያብረቀርቃል። ለነጩ ፍላሹን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ከፍ ማድረግ፣ ለጥቁሩ አንድ ስቶፕ ያህል ዝቅ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው። በነገራችን ላይ፣ በፊልም ዘመን የኮዳክ የቀለም ማመሳከሪያ ካርዶች ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚያሳዩት ነጭ ሴት ነበር፤ «ሸርሊ» ይባሉ ነበር። ጠይም ፊት በመለኪያዎች የተዘነጋው ዛሬ አይደለም።

በእጅ የሚያዝ የፍላሽ መለኪያ የሚለካው የሚንጸባረቀውን ሳይሆን ፊት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ስለሆነ የልብስ ቀለም አያታልለውም። መለኪያ የሌለው ሰው ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት አንዲት ሚዜ አቁሞ ይሞክር፤ በካሜራው መስኮት ላይ ፊቷን አይቶ፣ የቀሚሷ ሽመና መታየቱን አረጋግጦ የፍላሹን ኃይል በእጅ ይቆልፈው። ከዚያ በኋላ ሙሽሮቹ ነጭ ለበሱ ጥቁር ለበሱ ልኬቱ አይለወጥም። ፎቶ አንሺው ከ3 ሜትር ወደ 2 ሜትር ከቀረበ ግን ብርሃኑ ከእጥፍ በላይ ስለሚጨምር፣ ኃይሉን ከግማሽ በታች ማውረድ አለበት።