ባለ ቀዳዳ ቦርድ ሁሉ አንድ አይደለም

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በተለይ ከሳሪስና ከጀሞ፣ "ኢንጂነር፣ ሁሉንም በትክክል ሰካሁ፣ ግን አይሠራም" የሚሉ ወጣቶች ይጽፉልኛል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ቦርዶቹን አንድ ዓይነት አድርጎ ማየት ነው።

የቀዳዳዎቹ ርቀት በተለምዶ 2.54 ሚሊሜትር ነው፤ ውስጣቸው ግን ይለያያል። ብሬድቦርድ ሶልደር አይፈልግም፤ በአንድ ረድፍ ያሉት 5 ቀዳዳዎች ከውስጥ የተያያዙ ናቸው። የሬዚስተሩን ሁለት እግሮች እዚያው ረድፍ ላይ ከሰካችሁ ሬዚስተሩ እንደሌለ ቁጠሩት፤ ኤልኢዲያችሁ የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

ቬሮቦርድ ከሥሩ የመዳብ መስመሮች አሉት። ቺፕ ስታስቀምጡ በእግሮቹ መሃል መስመሩን መቁረጥ ግድ ነው። ፐርፍቦርድ ላይ ግን ቀዳዳው ለየብቻው ስለሆነ በሽቦ የምታገናኙት እናንተ ናችሁ።

አደራ፣ የግድግዳውን 220 ቮልት ብሬድቦርድ ላይ አትሰኩ!

ጥያቄ ካላችሁ ቦርዱን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።