ስልክና ስደተኛው ልጅ

የፎገራ ሰው የውሃን ጠባይ ያውቃል። ርብና ጉማራ በልክ ሲመጡ ሩዙን ያበቅላሉ፤ ከመጠን ሲያልፉ ደግሞ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደታየው፣ ሰውን ከቤቱ ያፈናቅላሉ። ሰው ግን ወንዙን አይረግምም፤ ቦይ ይቀዳል፣ ግድብ ይሠራል እንጂ። በእጅ የምንይዘው ስልክም ጠባዩ እንደዚሁ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተው ኩመርና አውላላ በተባሉ ሠፈሮች ተጠልለው ነበር። ቀደም ብሎም በ2014 ዓ.ም. በዳባት አጠገብ፣ አለምዋጭ በተባለው ሥፍራ፣ የኤርትራ ስደተኞች ሠፍረዋል። ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ ገና ልጆች ናቸው።

ትምህርቱ ለተቋረጠበት፣ የነገውን ለማያውቅ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስልክ ምኑ ነው? የእናቱ ድምፅ፣ የወንድሙ ወሬ፣ የአገሩ ዘፈን ነው። ዳሩ ግን የጦርነቱን ሥዕል ሌሊቱን ሁሉ እየመላለሰ የሚያሳየው፣ ወይም በጨዋታ የሚያደነዝዘው ያው ስልክ ነው። ሐዘን ወደ ስልክ ይገፋል፤ ስልክ እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ማጣትም ሐዘኑን ያብሰዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት በግንቦት 2011 ዓ.ም. በጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ሱስን አስገብቷል። ምልክቶቹም፣ ልጁ ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጨዋታውን ከምግብና ከትምህርት ሲያስበልጥ፣ ጉዳቱን እያየ ሲቀጥልበት ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ዓመት ሲቆይ ነው። ኢንተርኔት ማዘውተር ብቻውን ግን በዚያ መዝገብ በሽታ አልተባለም። ስለዚህ ስልክ የያዘውን ልጅ ሁሉ ሱሰኛ ማለት ስሕተት ነው።

ስልኩን መንጠቅስ መድኃኒት ይሆናልን? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መስመር ሲቆም ግን ሐዘን አብሮ አይቆምም፤ ከዘመድ መለየት ይጨመርበታል እንጂ።

እንግዲህ አሳዳጊዎችና መምህራን ሆይ፣ አስቀድማችሁ ልጁን ምን እንደሚያይና ለምን እንደማይተኛ በርጋታ ጠይቁት። ስልኩ ሌሊት ከመኝታው ራቅ ብሎ ይደር፤ ከቤተሰቡ የሚነጋገርበት ሰዓት ግን አይነካበት። ቀኑን ትምህርት፣ ኳስና የእጅ ሥራ ይሙላው። መኖር አስጠላኝ ካለም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ቦይ የሚቀደደው ውሃው ከመሙላቱ በፊት ነው።