የፈንገስ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ዒላማቸውን እንዴት ይለያሉ?

ካንዲዳ አልቢካንስ በበርካታ ጤነኛ ሰዎች አፍ፣ አንጀትና ብልት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። ሁኔታው ሲመቸው ግን ክር መሰል ቅርጽ ይዞ ወደ ሽፋን ሕዋሳት ዘልቆ ይገባል። በዚህ ጊዜ ሕዋሳቱን የሚበሳው ካንዲዳላይሲን የተባለ መርዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሆኗል። መርዙ የሚገኘው ከአንድ ረዘም ያለ ፕሮቲን ተቆርጦ ስለሆነ፣ ቆራጩ ኢንዛይም ትክክለኛውን ቦታ እንዴት እንደሚለይ ማወቅ ጠቃሚ ነው።

ይህ ኢንዛይም ኬክስ 2 ይባላል። ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ1984 በዳቦ እርሾ ላይ ተለይቶ ታውቋል። እርሾው ለመጣመር የሚለቀው አልፋ ፋክተር 13 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ አራት ቅጂዎቹ በአንድ ፕሮቲን ውስጥ ተያይዘው ይሠራሉ። ኬክስ 2 ላይሲንና አርጂኒን፣ ወይም ሁለት አርጂኒኖች ተከታትለው የሚገኙበትን ቦታ ፈልጎ ከጥንዱ በኋላ ይቆርጣል። እነዚህ አሚኖ አሲዶች አዎንታዊ ቻርጅ ሲኖራቸው፣ የኢንዛይሙ መቁረጫ ጎድጓዳ ክፍል ደግሞ አሉታዊ ቻርጅ ባላቸው አሚኖ አሲዶች የተከበበ በመሆኑ ይሳሳባሉ። ይሁን እንጂ የጥንዱ መኖር ብቻ አይበቃም። ቦታው በፕሮቲኑ እጥፋት ውስጥ ሳይደበቅ ለኢንዛይሙ የተጋለጠ መሆን አለበት፤ ኢንዛይሙም ካልሲየም ያስፈልገዋል።

በካንዲዳ የመርዙ መነሻ ፕሮቲን 271 አሚኖ አሲዶች አሉት። ኬክስ 2 በሰባት ቦታዎች ቆርጦ ስምንት ቁራጮች ያወጣል። ከሦስተኛው ቁራጭ ጫፍ ላይ ኬክስ 1 አርጂኒኑን ሲያነሳ 31 አሚኖ አሲዶች ያሉት ካንዲዳላይሲን ይገኛል።

በሰው አካል ውስጥም ፉሪንና ፕሮኢንሱሊንን የሚቆርጡት ኢንዛይሞች የኬክስ 2 ዘመዶች ናቸው። ስለሆነም ኬክስ 2ን የሚያግድ መድኃኒት ቢታሰብ የሰውን ኢንዛይሞች ሳይነካ ፈንገሱን ብቻ መምረጥ ይኖርበታል። ይህም ሥራውን አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ለጤና ባለሙያ የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው። የመርዙ መነሻ ፕሮቲን በብዛት የሚመረተው ፈንገሱ ክር ሲያወጣ በመሆኑ፣ በናሙና ውስጥ ካንዲዳ መገኘቱ ብቻውን በሽታ መኖሩን አያረጋግጥም። የላቦራቶሪ ውጤት ምንጊዜም ከታካሚው ምልክቶችና ከአካላዊ ምርመራ ጋር ተገናዝቦ ሊታይ ይገባል።