ሰርቨር ስለ እናንተ ምን ያህል ያስታውስ?

ተማሪዎች፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራውን እንዴት እንደሚያከናውን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የባለጉዳዩን ፊት አይቶ ጉዳዩን አያስታውስም፤ የመዝገቡን ቁጥር ይጠይቀውና ፋይሉን ከመደርደሪያ ያወርዳል። ድረ ገጾችን የሚያስተናግደው ኮምፒዩተር፣ ሰርቨር የሚባለውም፣ እንዲሁ ነው። ኤችቲቲፒ የተባለው የመገናኛ ደንብ አንዱን ጥያቄ ከሌላው ጋር ስለማያያይዝ፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት ስማችሁን የሞላችሁት እናንተ መሆናችሁን ሰርቨሩ በራሱ አያውቅም። ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1994 በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ኩኪን ፈጠረ። ኩኪ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ ጽሑፍ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የመዝገቡን ቁጥር ብቻ ነው፤ መዝገቡ ራሱ፣ ማለትም ሴሽን የሚባለው፣ በሰርቨሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

ችግሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ማኅደረ ትውስታ የሠራተኛው ጠረጴዛ እንጂ መደርደሪያው አይደለም፤ እጅ ቶሎ ይደርስበታል፤ ነገር ግን ጠባብ ነው። 10,000 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ በድረ ገጽ ለፈተና ይመዘገባሉ እንበል። ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ የእያንዳንዱን ተማሪ ፎቶግራፍ በሴሽኑ ውስጥ ቢያስቀምጥና አንዱ ፎቶግራፍ 200 ኪሎባይት ቢሆን፣ ድምሩ 2,000,000 ኪሎባይት፣ ይኸውም 2 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ቦታው ሲሞላ ሰርቨሩ ይዘገያል፤ ከዚያም ሊቆም ይችላል፤ ቅጹን ለመጨረስ አንድ መስመር የቀረው ተማሪም ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል። ፎቶግራፉ በዲስክ ላይ ተቀምጦ በሴሽኑ ውስጥ የተማሪው መለያ ቁጥርና የደረሰበት ገጽ ብቻ ቢያዝ ግን ለእያንዳንዱ 1 ኪሎባይት ይበቃል፤ ድምሩም ወደ 10 ሜጋባይት ይወርዳል።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። ተማሪው ሳይሰናበት ቢሄድ ሰርቨሩ መሄዱን ስለማያውቅ፣ ጠረጴዛው በሌሉ ሰዎች ፋይል ይሞላል። ስለሆነም ለሴሽን የዕድሜ ገደብ ይበጅለታል። ባለሙያው ካልለወጠው በስተቀር፣ በቶምካት 30 ደቂቃ፣ በኤኤስፒ ዶት ኔት ደግሞ 20 ደቂቃ ያለ ጥያቄ ካለፈ ሴሽኑ ይሰረዛል። ገደቡን ማሳጠር ቦታ ያስለቅቃል፤ ይሁን እንጂ የልደት የምስክር ወረቀቱን ሊያመጣ የሮጠው ተማሪ ሲመለስ ቅጹን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ብዙዎች ይህን በተማሪው ቸልተኝነት ያሳብቡታል፤ ጥፋቱ ግን የፕሮግራሙ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ እያንዳንዱ ገጽ ተሞልቶ እንዳበቃ በዳታቤዝ እንዲመዘገብ ያደርጋል፤ ሴሽኑ ቢሰረዝም ተማሪው እንደገና ገብቶ ካቆመበት ገጽ ይቀጥላል።