ፉል ኦፕሽን ሲያረጅ፦ ተጨማሪ ቅንጦትና ያገለገለ መኪና ዋጋ

አዲስ መኪና ከማሳያ አዳራሽ ሲወጣ ሁለት ዋጋ ተሸክሞ ነው። አንዱ የመኪናው የራሱ ነው፤ የሞተሩ፣ የካምቢዮው፣ የአካሉ። ሌላው ገዢው ወዶ ያስጨመራቸው ነገሮች ዋጋ ነው፤ የቆዳ ወንበር፣ የመስታወት ጣሪያ፣ መንገድ የሚያሳይ ስክሪን፣ ትልልቅ ቸርኬ፣ የተሻለ ድምፅ ማጉያ። ሁለቱ እኩል አያረጁም። በአሜሪካ ገበያ አዲስ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ከዋጋው አንድ አምስተኛ ያህሉን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ ግማሽ ገደማውን ማጣቱ የተለመደ ነው። ተጨማሪው ቅንጦት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ቀድሞ ይረክሳል። 40,000 ዶላር በሚያወጣ መኪና ላይ የ8,000 ዶላር ኦፕሽን ተጨመረ እንበል። መኪናው ከአምስት ዓመት በኋላ 20,000 ዶላር ቢያወጣና ኦፕሽኑም በዚያው ልክ ቢወርድ 4,000 ዶላር ማስገኘት ነበረበት። ሁለተኛው ገዢ ግን የዚህን ግማሽ እንኳ ላይጨምር ይችላል። ለአንዳንዱ ኦፕሽን ምንም አይከፍልም፤ አንዳንዱን ሲያይ ጭራሽ ዋጋ ይቀንሳል።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከሁለቱ ገዢዎች ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ገዢ የሚፈልገውን ዝርዝር አይቶ ያዝዛል፤ የሚከፍለውም ለራሱ ምርጫ ነው። አምራቾችም ይህን ስለሚያውቁ ከተጨማሪ ዕቃዎች የሚያገኙት ትርፍ ከመሠረታዊው መኪና ከሚያገኙት ላቅ እንዲል አድርገው ዋጋ ይተምናሉ። ሁለተኛው ገዢ የሚመርጠው ገበያ ላይ ካገኘው ነው። ሌላ ሰው የወደደው ቡናማ ቆዳ ወይም ውድ ድምፅ ማጉያ ለእሱ ቁም ነገር ላይሆን ይችላል። ኪሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ገዢ የሳሳ ነው፤ ቅንጦት ሊገዛ ሳይሆን የሚያስተማምን መጓጓዣ ሊያገኝ የመጣ ነው። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ኦፕሽን የሚያሰላው ሁለት ነገር ነው፤ በቀረው የመኪናው ዕድሜ ምን ያህል ያገለግለኛል፣ ቢበላሽስ ምን ያህል ያስወጣኛል የሚል።

የአንዱን ዕቃ ድርሻ ከጠቅላላው የመኪና ዋጋ ነጥሎ ማውጣት ራሱን የቻለ ጥናት ነው፤ ከቀዳሚ ምርምሮቹም አንዱ የተካሄደው በመኪና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ የመኪና አምራቾች ማኅበር የሚሠራው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አንድሩ ኮርት የመኪናን ዋጋ በክብደቱ፣ በጎማዎቹ መካከል ባለው ርዝመትና በፈረስ ጉልበቱ ከፋፍሎ ለማስረዳት ሞከረ። ዝቪ ግሪሊከስ እ.ኤ.አ. በ1961 ይህንኑ መንገድ አንሥቶ አውቶማቲክ ማርሽን፣ ኃይል የሚያግዘውን መሪና ፍሬንን ጨመረበት። ሸርዊን ሮዘን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ንድፈ ሐሳቡን አበጀለት። ዘዴው ሄዶኒክ ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሽያጮች ይሰበሰባሉ፤ ሞዴላቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የሄዱት ርቀትና ይዞታቸው ተመሳሳይ ሆኖ በአንድ ዕቃ ብቻ የሚለያዩ መኪኖች ይነጻጸራሉ፤ የዋጋቸው ልዩነት የዚያ ዕቃ ዋጋ ተደርጎ ይወሰዳል።

ችግሩ በአንድ ዕቃ ብቻ የሚለያዩ መኪኖች በቀላሉ አለመገኘታቸው ነው። የቆዳ ወንበር ያለው መኪና ብዙውን ጊዜ ትልቁ ሞተርም አለው። ያንን መግዛት የቻለው ባለቤትም መኪናውን ከፀሐይና ከዝናብ የሚያስጠልልበት ቦታ የማግኘት፣ ዘይቱንም በወቅቱ የማስቀየር ዕድሉ ሰፊ ነው። የቆዳና የጨርቅ ወንበር ያላቸውን መኪኖች አማካይ ዋጋ አይቶ ልዩነቱ የቆዳው ነው ማለት ቆዳው ያላመጣውን ገንዘብ ለቆዳው መስጠት ነው። ብዙ ሻጭ ኦፕሽኖቹ የሚያስገኙለትን ገንዘብ አጋንኖ የሚገምተውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ገማቾች ሁሉንም ዕቃ አያዩም። እ.ኤ.አ. በ1926 በሎስ አንጀለስ መታተም የጀመረው ኬሊ ብሉ ቡክ የተባለው የዋጋ መመሪያና መሰሎቹ መነሻ የሚያደርጉት የሞዴሉን ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ በአሜሪካ ወጥ ሆኖ የሚሠራበት ባለ 17 ሆሄና አኃዝ የሻንሲ ቁጥር ስለ አካሉና ስለ ሞተሩ ይናገራል፤ በግል ትዕዛዝ የተጨመረውን የተሻለ ድምፅ ማጉያ ግን አይናገርም። በጨረታ አዳራሽ በደቂቃ ውስጥ የሚወስን ነጋዴ ለማያየው ነገር አይከፍልም። ከዚህ የተነሣ ሙሉ ደረጃ፣ ማለትም ስም ያለውና ከኋላ ኮፈኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት፣ ዋጋውን ከተናጠል ኦፕሽን ይልቅ ይዞ ይቆያል። የገዢ ትኩረት ውስን መሆኑን ኒኮላ ላሴቴራ፣ ዴቪን ፖፕና ጀስቲን ሲድኖር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። ከ22 ሚሊዮን በላይ የጅምላ ሽያጮችን ሲመረምሩ የመኪና ዋጋ በየ10,000 ማይሉ ድንበር ላይ ድንገት ዝቅ ሲል አገኙት። ትልቁን ቁጥር አንብቦ የቀረውን የሚያልፍ ገዢ የኦፕሽን ዝርዝር ጨርሶ ያነብባል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

ከሁሉም ዕቃ አሟሟቱ የሚያስተምረው መንገድ መሪው፣ ማለትም ናቪጌሽኑ ነው። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1990 ዩኖስ ኮስሞ በተባለው መኪናው ውስጥ በሳተላይት የሚሠራ ናቪጌሽን ገጠመ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ሲያቆም የመሣሪያው ትክክለኛነት በአንድ ጊዜ ተሻሻለ፤ ባለ ስክሪን መኪናም የባለጸጋ ምልክት ሆነ። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ብዙ አምራቾች ለዚህ ዕቃ 2,000 ዶላር ገደማ ያስከፍሉ ነበር፤ ካርታው በዲስክ የሚመጣ ሲሆን ለማደስም ሌላ ክፍያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጉግል በስልክ የሚሠራ ነጻ መንገድ መሪ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርፕሌይ፣ በዓመቱ ደግሞ አንድሮይድ አውቶ መጥተው ስልኩን ራሱ በመኪናው ስክሪን ላይ አሳዩት። የ2,000 ዶላሩ ዕቃ በአገልግሎት ተበለጠ፤ ሊሸጥ የሚችለውም ጥቅም አብሮት ጠፋ።

ዕቃው ሳይበላሽ መርከሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የዚያን ዘመን ስክሪን ብዙ ጊዜ ከኤሲው፣ ከራዲዮውና ከመኪናው ቅንብር ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው። ነቅሎ በአዲስ መተካት ከባድ ነው፤ ቢተካም ሌላው ሥራ ይስተጓጎላል። ተራ ራዲዮ ይዞ የወጣው ርካሹ ወንድሙ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ክፍተት መደበኛ ልክ ስለሆነ በጥቂት መቶ ዶላር ዘመናዊ ስክሪን ይገጠምለታል። ከዓመታት በኋላ ርካሹ መኪና በዚህ ረገድ ከውዱ ይሻላል። በቴክኖሎጂ ላይ የተመሠረተ ቅንጦት ከብረትና ከቆዳ ይልቅ በፍጥነት የሚወድቀው ዕድሜውን የሚወስነው መኪናው ሳይሆን የስልኩ ዓለም ስለሆነ ነው።

ተቃራኒውን መንገድ የሄዱ ዕቃዎችም አሉ። የአሜሪካው መኪና አምራች ፓካርድ እ.ኤ.አ. ለ1940 ሞዴሎቹ የአየር ማቀዝቀዣ ሲያቀርብ ነገሩ እንግዳ ቅንጦት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ከሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ግማሹ ያህል ኤሲ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተገለበጠ፤ ኤሲ መኖሩ ዋጋ የሚጨምር መሆኑ ቀርቶ አለመኖሩ ዋጋ የሚጥል ሆነ። የመኪናን መንሸራተት የሚቆጣጠረው ኢኤስፒም ታሪኩ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በመርሴዲስ ትልልቅ መኪኖች ላይ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1997 የስዊድን ጋዜጠኞች ድንገተኛ ጥምዘዛ ሲሞክሩ ትንሿ የመርሴዲስ ኤ ክላስ ስትገለበጥ ኩባንያው መሣሪያውን በትንሿ መኪና ላይ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ገጠመው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆነ። የደኅንነት ዕቃ ሌላ ብርታትም አለው፤ ማንም ገዢ አልወደውም ብሎ አይከራከርበትም። ጣዕም የማይከፋፍለው ዕቃ ብዙ ፈላጊ ያገኛል፤ ብዙ ፈላጊ ያለው መኪና ዋጋው ባይጨምር እንኳ ቶሎ ይሸጣል። ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የኦፕሽን ጥቅምም ይህ ፍጥነት ነው።

ዋጋ የሚቀንሱት ኦፕሽኖች ባሕርይ በኤር ሰስፔንሽን ላይ ጎልቶ ይታያል። በዚህ አሠራር መኪናውን የሚሸከመው የብረት ሞላ ሳይሆን አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት ነው። ኮምፕሬሰር አየር ይነፋል፤ ቫልቮች ለአራቱ ማዕዘን ያከፋፍሉታል፤ ሴንሰሮች ከፍታውን ይለካሉ። መኪናው አዲስ ሳለ ጉዞው እጅግ የተመቸ ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ጎማው በሚታጠፍበት መስመር ላይ ይሰነጠቅና ጥቂት በጥቂት መተንፈስ ይጀምራል። ኮምፕሬሰሩ የጎደለውን ለመሙላት ደጋግሞ ይነሣል፤ እረፍት በማጣቱ ይግላል፤ በመጨረሻ ራሱም ይቃጠላል። ጠዋት አንድ ጎኑ ወርዶ የቆመ መኪና ያየ ገዢ አንድ ከረጢት ብቻ ነው የሚቀየረው ቢባል አያምንም፤ ባያምን ልክ ነው። በመስታወት ጣሪያም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ውሃ የሚያወርዱት ቀጫጭን ቱቦዎች በአቧራና በቅጠል ሲደፈኑ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይመለስና ምንጣፉን አልፎ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያበላሻል።

ገዢው ይህን ሁሉ ከውጭ ማየት አይችልም። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመውና በኋላ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ባደረገው ጽሑፍ ያገለገለ መኪናን ምሳሌ አድርጎ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው መጥፎው ሊደርሰው እንደሚችል አስቦ ዋጋ ይሰጣል። ውስብስብ ኦፕሽን የማይታየውን ነገር ያበዛል። የፋብሪካ ዋስትናው ሲያልቅ ዋጋው በድንገት የሚወርደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አደጋው ከአምራቹ ትከሻ ወደ ባለቤቱ ስለሚዛወር። የጥገና ደረሰኞችን ሰብስቦ ያቆየ ሻጭ ከኦፕሽኖቹ የተሻለ ገንዘብ ሊያገኝ የሚችለው ይህን ጥርጣሬ ስለሚያቃልልለት ነው።

ቦታና ወቅትም ይወስናሉ። የሚሞቅ ወንበር በብርዳማው የአሜሪካ ግዛት በሚኒሶታ ይፈለጋል፤ በሞቃታማው አሪዞና ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሜጋን ቡሲና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ40 ሚሊዮን በላይ የመኪና ግብይቶችን መርምረው ጣሪያው የሚከፈት መኪና ሰማዩ በጠራበት ሞቃት ቀን፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ደግሞ በረዶ ከጣለ በኋላ በብዛት እንደሚሸጥ አሳይተዋል።

አዲስ አበባ ላይ ስሌቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ያገለገለ መኪና ሲሸጥ «ፉል ኦፕሽን» የሚለው ቃል ከደላላ አፍ ባይጠፋም፣ ዕቃው የተሠራው ለሌላ አገር ገበያ ነው። ለጃፓን የተሠራ መኪና ራዲዮ ለዓመታት የተበጀው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ላለው የጃፓን ሞገድ ስለሆነ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን ያለ ማስተካከያ አይዝም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ መኪና ናቪጌሽንም የያዘው የዚያን አካባቢ ካርታ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሚከብደው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። ጋራዡ የሚያውቀው፣ መለዋወጫውም በየሱቁ የሚገኝ ተራ ቶዮታ ኦፕሽን ከተትረፈረፈበት ብርቅዬ መኪና ይልቅ ተፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ቁጥር ሲጨምር፣ ለቻይና ገበያ የተሠሩት ስክሪናቸው በቻይንኛ ሆኖ መምጣቱ የዚሁ ችግር አዲስ መልክ ነው። ስክሪኑን ማንበብ ያልቻለ ገዢ በውስጡ ላሉት ቅንጦቶች አይከፍልም።

የቅርቡ ለውጥ ኦፕሽኑ ከዕቃነት ወደ ሶፍትዌርነት መሄዱ ነው። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2022 በአንዳንድ አገሮች የሚሞቅ ወንበርን በወርሃዊ ክፍያ የሚከፈት አገልግሎት አድርጎ አቅርቦ ነበር፤ ተቃውሞ ስለበረታበት በማግሥቱ ዓመት ተወው። ሐሳቡ ግን በሌሎች አገልግሎቶች ላይ ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የ3ጂ ኔትወርክ ሲዘጋ በዚያ ላይ የተመሠረቱ የብዙ መኪኖች የግንኙነት አገልግሎቶች አብረው ጠፍተዋል። ከእንግዲህ ያገለገለ መኪና የሚገምት ሰው ዕቃው በመኪናው ላይ መኖሩን ማየት ብቻ አይበቃውም። ፈቃዱ የተያዘው በሻንሲው ቁጥር ይሁን ወይም በቀድሞው ባለቤት ስም፣ በሽያጩ ጊዜ ይተላለፍ ወይም ይቋረጥ ማጣራት ይኖርበታል፤ የማይተላለፍ ከሆነ የዚያ ኦፕሽን የሽያጭ ዋጋ ዜሮ ነው።