ላንድ ሮቨር፦ ሲሰበር የኖረ፣ ሲጠገን የኖረ መኪና

በ1972 መጀመሪያ ላይ ሁለት አዳዲስ ሬንጅ ሮቨሮች፣ የላንድ ሮቨር የቅርብ ዘመዶች፣ በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል ባለው የዳሪየን ጫካ ውስጥ ዲፈረንሻላቸው ተሰብሮ ቆሙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መኪኖቹን ይዞ የገባው የእንግሊዝ ጦር ቡድን ከአላስካ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ በመኪና ለመድረስ ነበር የወጣው። ዳሪየን ላይ ግን መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ረግረግ፣ ወንዝና ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። የቡድኑ መሪ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1968፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ መጥቶ የዓባይን ሸለቆ በጀልባ ያሰሰውን ቡድን የመራው እሱው ነው።

ለረግረጉ ተብለው የተገጠሙት ትልልቅ ጎማዎችና ከልክ ያለፈው ጭነት ተደማምረው ዲፈረንሻሉ ከሚችለው በላይ ጫኑበት። ከእንግሊዝ ባለሙያና መለዋወጫ እስኪደርስ ድረስ ሥራው ቆመ። ቡድኑም ፓናማ ውስጥ አንድ ያገለገለ ላንድ ሮቨር ገዝቶ፣ የማያስፈልገውን አካሉን ቆራርጦ ጥሎ፣ ከፊት እየቀደመ መንገድ እንዲከፍት አደረገው። ጫካውን ለማቋረጥ 100 ቀን ገደማ ፈጀ። ሬንጅ ሮቨሮቹ ተጠግነው ወጡ፤ ጉዟቸውንም ፈጸሙ።

የላንድ ሮቨር ታሪክ በሙሉ እዚያ ጫካ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ስለ ሬንጅ ሮቨር ክርክር ሲነሣ አንዱ «የማይገባበት የለም» ይላል፤ ሌላው «ከጋራዥ አይወጣም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ላንድ ሮቨር ከጥንት ጀምሮ ይሰበራል። ከጊዜ ወደ ጊዜ የተለወጠው የሚሰበረው ነገር ዓይነትና እሱን ለመጠገን የሚችለው ሰው ማንነት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1947 ነው። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት ላይ እርሻ ነበረው። እርሻው ላይ የሚያሠራው ከጦርነቱ የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ነበር። ጂፑ እያረጀ ሲሄድ ዊልክስ የሚተካው የእንግሊዝ መኪና አጣ። ከወንድሙ ከስፔንሰር ጋር፣ እሱ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ነበር፣ ራሳቸው ለመሥራት ተስማሙ። የመጀመሪያውን ንድፍ ሞሪስ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ እንደሣለው ይነገራል። የመጀመሪያው ሙከራ የጂፕ ሻንሲ ላይ የተሠራ ሲሆን መሪው መሀል ላይ ነበር፤ በግራ ለሚነዳም በቀኝ ለሚነዳም አገር አንድ መኪና እንዲበቃ ታስቦ።

ያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ነበር፤ ቅድሚያ የሚያገኘውም ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ነው። አሉሚኒየም ግን ከአውሮፕላን ፋብሪካዎች ተርፎ ይገኝ ነበር። ስለዚህ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ቅርጹ ቀጥ ቀጥ ያለው በዋናነት ውድ የላሜራ መቅረጫ መሣሪያ ሳያስፈልግ በእጅ ሊታጠፍ የሚችል ላሜራ ስለነበረ ነው። ሻንሲው አራት የብረት ሳንቃዎች እንደ ሣጥን ተበይደው የተሠራ ነው። ቀለሙም ቢሆን አረንጓዴ የሆነው ከጦሩ የተረፈው አረንጓዴ ስለነበረ ነው። መኪናው ሚያዝያ 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም ትርዒት ላይ ቀረበ። 1.6 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ 50 የፈረስ ጉልበት፣ ከሞተሩ ኃይል ወስዶ መጋዝ ወይም የውሃ ፓምፕ የሚያዞር ማገናኛ ነበረው። ወንድማማቾቹ ያሰቡት የቅንጦት መኪኖቻቸው ገበያ እስኪያገግም ድረስ ፋብሪካውን የሚያቆይ ጊዜያዊ ሥራ ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን ከቅንጦቶቹ ይልቅ እሱ ይሸጥ ጀመር፤ 1976 ላይ አንድ ሚሊዮን ሞላ።

አሮጌው ላንድ ሮቨር ጠንካራ ነበር ሲባል አይሰበርም ማለት አይደለም። ከኋላው ዲፈረንሻል ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ደካማነቱ የታወቀ ነበር፤ በጭነት ላይ ሆኖ ፍሪሲዮን በድንገት ከተለቀቀ ቷ ብሎ ይሰበራል። ሩቅ የሚሄድ ሰው መለዋወጫ ዘንግ ከመቀመጫ ሥር ይዞ ነበር የሚወጣው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተሠሩት ላይ የመኪናው ክብደት የሚያርፈው በዘንጉ ላይ ሳይሆን ዘንጉን በያዘው ቱቦ ላይ ነው። ስለዚህ መኪናው በክሪክ ሳይነሣ፣ ጎማውም ሳይወልቅ፣ ጎማው መሀል ያሉት ስድስት ቡሎኖች ይፈታሉ፤ ዘንጉ ተስቦ ይወጣል፤ አዲሱ ይገባል። የተሰበረው ጫፍ ውስጥ ከቀረ የሌላው ወገን ዘንግ ይሳብና በረጅም ብረት ተገፍቶ ይወጣል። መለዋወጫ የሌለው ደግሞ የፊት ጎማዎቹን አስገብቶ በፊቱ እየተጎተተ እስከ ከተማ ይደርሳል። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ብረትና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

በ1955 ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የወጡ ተማሪዎች በሁለት ላንድ ሮቨር ከለንደን ተነሥተው እስከ ሲንጋፖር የደረሱት እንዲህ ባለ መኪና ነው። በእኛም አገር ከአስፋልት ወዲያ የመንግሥት ሠራተኛን ወደ አውራጃና ወረዳ የሚያደርሰው፣ መንገደኛ ከነጓዙ ታጭቆበት ዳገት የሚወጣው እሱ ነበር።

ታዲያ የአፍሪካንና የአውስትራሊያን ገበያ እንዴት ለቶዮታ አስረከበ? ለዚህ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ቶዮታ አይሰበርም» የሚል ነው። ከፊል እውነት አለው፤ ያላለቀ እውነት ነው። በ1960 የመጣው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 3.9 ሊትር ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር ሲይዝ ላንድ ሮቨር ከ1958 ጀምሮ በ2.25 ሊትር ባለአራት ሲሊንደር ዳገት ይታገል ነበር። በዚያ ላይ ፋብሪካው ራሱ ታሞ ነበር። ሮቨር በ1967 ወደ ሌይላንድ ገባ፣ በማግሥቱ ዓመት ብሪቲሽ ሌይላንድ ውስጥ ተደባለቀ፣ ድርጅቱም በ1975 በመንግሥት እጅ ወደቀ። ላንድ ሮቨር ያተረፈው ገንዘብ የከሰሩትን እህት ኩባንያዎች ሲደጉም ለራሱ አዲስ ሞተርና አዲስ ማሽን የሚገዛበት አጣ። ደንበኛ ወረፋ ሲጠብቅ ጃፓኖቹ ከነመለዋወጫቸው ደረሱ። ገበያን የሚያሳጣው የዘንግ መሰበር ብቻ አይደለም፤ የዘንጉ በሱቅ አለመገኘትም ነው።

ቅንጦቱ የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። የዊልክስ ወንድማማቾች የእህት ልጅ ስፔን ኪንግና ጎርደን ባሽፎርድ የተባለው መሐንዲስ ሌላ ጥያቄ ይዘው ተነሡ፦ ማሳ ውስጥ እንደ ላንድ ሮቨር፣ አውራ ጎዳና ላይ እንደ ቤት መኪና የሚሄድ ነገር ይቻላል ወይ? መልሱ በባሌስትራ ፈንታ ሞላ፣ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን፣ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ካምቢዮና ከአሜሪካው ቢዊክ መብቱ የተገዛ 3.5 ሊትር ባለስምንት ሲሊንደር የአሉሚኒየም ሞተር ሆነ። ቅርጹን ዴቪድ ባሽ አሳመረው። ሬንጅ ሮቨር ሰኔ 1970 ወጣ። የመጀመሪያው ሁለት በር ብቻ ያለው፣ መቀመጫው ፕላስቲክ፣ ወለሉ ጭቃ ቢገባበት በውሃ የሚታጠብ ነበር። ፓሪስ ውስጥ በሉቭር ሙዚየም በዲዛይን ምሳሌነት ለእይታ ቀርቧል፤ በ1981 ደግሞ ረኔ ሜትዥ ነድቶት የፓሪስ–ዳካርን ውድድር አሸንፏል።

ገዢዎቹ ግን ገበሬዎች ብቻ አልነበሩም፤ ኩባንያውም ገንዘቡ ያለበትን ተከተለ። በ1981 አራት በር፣ በማግሥቱ አውቶማቲክ ማርሽ፣ ቀጥሎ ቆዳና እንጨት ገባበት፤ በ1987 አሜሪካ ገበያ ደረሰ። ስፔን ኪንግ በስተርጅናው፣ የሠራው መኪና የከተማ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት የክብር ምልክት መሆኑን በግልጽ ነቅፏል። በዚህ ከእሱ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ያ የከተማ ገንዘብ ባይኖር ኩባንያው ዛሬ አይኖርም ነበር። ግን የሐዘኑ ምንጭ ይገባኛል።

የአስተማማኝነት ጥያቄ በእውነት የከበደው ከዚህ በኋላ ነው። በ1992 ሬንጅ ሮቨር ሞላውን በአየር ተካ። በየጎማው ላይ አየር የሚሞላ የጎማ ከረጢት አለ፤ ኮምፕሬሰር ይሞላዋል፣ ቫልቮች ያከፋፍሉታል፣ ሴንሰሮች ከፍታውን ይለካሉ፣ ኮምፒውተር ያዝዛል። ሲሠራ ድንቅ ነው፦ ጎዳና ላይ ዝቅ ይላል፣ ድንጋይ ላይ ከፍ ይላል፣ አካሉ አይናወጥም። ከረጢቱ ግን ከዓመታት በኋላ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። አየር በቀስታ ያመልጣል። ኮምፕሬሰሩ የሚያመልጠውን ለመሙላት ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ በመጨረሻ እሱም ይቃጠላል። የጥቂት ብር ጎማ ቸል በመባሉ ብዙ ብር የሚያወጣ መሣሪያ ይሄዳል፤ መኪናውም ጎማው ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ሞተሩም የራሱ ጠባይ አለው። በአሉሚኒየሙ ብሎክ ውስጥ የብረት ሲሊንደሮች ተተክለውበታል፤ ከልክ በላይ ከሞቀ ሁለቱ እኩል አይለጠጡም፣ ጓርኒሲዮን ይበላል፣ አንዳንዴም ሲሊንደሩ ከቦታው ይንሸራተታል። ከዚያ በኋላ በመጡት ቪ6 ናፍጣ ሞተሮች ላይ ክራንክሻፍት መሰበሩ፣ በ5.0 ሊትሩ ቤንዚን ላይ የሰንሰለቱ መወጠሪያ ማለቁ መካኒኮች በደንብ የሚያውቁት ችግር ነው። በአጥኚው ድርጅት በጄ.ዲ. ፓወር የ2020 የአሜሪካ ጥናት ላንድ ሮቨር በአስተማማኝነት የመጨረሻውን ደረጃ ይዟል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ከግርጌው ብዙ አልራቀም። ራስጌው ላይ በተደጋጋሚ የሚገኘው ሌክሰስ፣ የቶዮታ ልጅ ነው።

የባለቤት መፈራረቅም አልጠቀመውም። በ1988 ብሪቲሽ ኤሮስፔስ፣ በ1994 ቢኤምደብልዩ፣ በ2000 ፎርድ፣ በ2008 የሕንዱ ታታ። በዚህ የተነሣ አንድ ዓይነት መልክ ያለው መኪና ውስጡ የተለያየ ይሆናል። በ2002 ገበያ ላይ የዋለው ሦስተኛው ሬንጅ ሮቨር ሲጀምር የቢኤምደብልዩ ሞተር ነበረው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ የጃጓር ተተካበት። መልኩን አይቶ መለዋወጫ ያዘዘ ሰው ገንዘቡን ያጣል። በሌላ በኩል ኩባንያውን ከሞት ያተረፈው የታታ ካፒታል መሆኑን መካድ አይቻልም።

አሮጌው መኪና፣ በ1990 ዲፌንደር የሚል ስም የተሰጠው፣ እስከ ጥር 29 ቀን 2016 ድረስ በሶሊሁል ፋብሪካ ሲሠራ ቆይቶ አበቃ። በ2019 የታየው አዲሱ ዲፌንደር የሚሠራው ስሎቫኪያ ነው፤ የተለየ ሻንሲ የለውም፣ አካሉና ሻንሲው አንድ የአሉሚኒየም ቀፎ ነው። ጭቃ ውስጥ ከአሮጌው ይሻላል፤ ጎዳና ላይ አይወዳደሩም። ነገር ግን መንገድ ዳር የሚፈታ ስድስት ቡሎን የለውም። ይህ ያላስደሰተው የእንግሊዝ ባለጸጋ ጂም ራትክሊፍ ግሬናዲየር የሚባል፣ ሻንሲና ሞላ ያለው መኪና በራሱ ገንዘብ አሠርቶ በ2022 ፈረንሳይ ውስጥ ማምረት ጀመረ። የአሮጌው ናፍቆት ገበያ እንዳለው የሚያሳይ ነው።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለች እዚህ ስለ ሬንጅ ሮቨር የሚነሣው ጥያቄ ባብዛኛው ቀድሞ ስለገባ፣ ስላገለገለ መኪና ነው። እንዲህ ያለውን ሊገዛ የሚያስብ ሰው መኪናውን ማታ ሜዳ ላይ አስቁሞ ጠዋት ይመልከተው፤ አንዱ ማዕዘን ዝቅ ብሎ ካደረ ከረጢቱ አየር ያስወጣል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የውሃውን መጠንና ቀለም ይይ፤ ዘይት የተቀላቀለበት ከሆነ ወይም ውሃ እየጎደለ ፍሳሹ ካልታየ ይተወው። ከብረት የተሠሩትን አሮጌዎቹን ሻንሲዎች ከታች ገብቶ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ ያድርግ፤ አሉሚኒየሙ ከላይ ሲያብለጨልጭ ብረቱ ከሥር በዝገት ሊበላ ይችላል። የሞተሩን ዓይነት ከሻንሲ ቁጥሩ ያረጋግጥ። ከሁሉም በፊት ግን ወደሚያሠራበት ጋራዥ ሄዶ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ፣ ለዚያው ሞዴል የሚሠራ መመርመሪያ መሣሪያ እንዳላቸው ይጠይቅ፤ ያለ እሱ የአየሩ ችግር ከረጢቱ ይሁን ቫልቩ ወይስ ሴንሰሩ መለየት በግምት ዕቃ መለዋወጥ ይሆናል፣ ዕቃውም የሚመጣው ከውጭ ነው።