ሰው የለመደውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለ ምን አይለቅም?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒዩተሩን ክፍሎች የሚያዝና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስና ሊነክስ የዚህ ዓይነት ናቸው። ሊነክስ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ሆኖም በአገራችን የጽሕፈት ሥራ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ከዊንዶውስ፣ ያውም አንዳንዴ ጊዜው ካለፈበት ዊንዶውስ፣ አይለዩም። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ልማድ ነው» ይባላል። ይህ መልስ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው።

በዝዋይና በላንጋኖ መካከል በአውራ ጐዳናው ላይ ያለችውን ቡልቡላን እንመልከት። እንደዚህ ባለች ከተማ የጽሕፈት ሥራ የሚሠራ ሰው ማመልከቻና ውል በሁለት ቋንቋ ይጽፋል። ኦሮምኛው የሚጻፍበት ቁቤ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ከተመረጠ ወዲህ፣ በላቲን ሆሄያት ስለ ሆነ በማናቸውም ኮምፒዩተር ይነበባል። አማርኛው ግን እንዲህ አልነበረም። በቀድሞው አሠራር አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ሲሆን፣ ፊደላችን ከነዲቃሎቹና ከነአኃዙ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ የጥንቶቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደሉን ከፋፍለው በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ ተኩት። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው። ፎንቱ ቢጫን እንኳ፣ እንደ ፓወር ግዕዝ ያለው የመጻፊያ ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው።

እንግዲህ አንዱ ጸሐፊ፣ በአንዱ ኮምፒዩተር፣ በኦሮምኛው ሥራ ነፃ ሲሆን በአማርኛው የታሰረ ነው። የሰውየው ልማድ አንድ ስለ ሆነ፣ ልዩነቱን ያመጣው የተከማቸው ፋይል መሆኑ ግልጽ ነው።

በዚህ ላይ የእጅ ልምድ ይጨመራል። በገጽ ለሚከፈለው ሰው አዲስ የቁልፍ አቀማመጥ የሚማርበት ሳምንት ገቢው የሚቀንስበት ሳምንት ነው። ችግር ሲደርስም ጎረቤቱ ሊረዳው የሚችለው ጎረቤቱም በሚያውቀው ሥርዓት ነው።

የዚህን ተቃራኒ ከአዳማ አጠገብ በወለንጪቲ እናገኛለን። በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት በዚያና በወንጪ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በአንድሮይድ የሚሠሩ ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገረው፣ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ እስከ መክፈት ደረሱ። ልጆቹ የሚጠፋባቸው የቆየ ፋይልም ሆነ የሚረሱት የእጅ ልምድ አልነበራቸውም።

በ1999 ዩኒኮድ ለፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠው። በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም የአማርኛ ፎንትና የቁልፍ አቀማመጥ ይዞ መጣ። ይህ አዲሱን ጽሑፍ ነፃ አወጣው፤ በቀድሞው አሠራር የተጻፈው ግን ካልተለወጠ እንደ ታሰረ ነው። የዊንዶውስ ኤክስ ፒ ድጋፍ በ2014፣ የዊንዶውስ 7 ድጋፍ በ2020 ስላበቃ፣ ለፋይሉ ሲል በእነርሱ የቆየ ሰው ለቫይረስ የተጋለጠ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበላሽም ውሉ፣ የፍርድ ቤቱ ማመልከቻ፣ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ሥርዓቱን ለመለወጥ የሚያስብ መሥሪያ ቤት ወይም ኮሌጅ አስቀድሞ የቆዩትን ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ ያስለውጥ፤ ቀጥሎም ጸሐፊዎቹ ደመወዛቸው ሳይጓደል የሚለማመዱበትን ጊዜ ይስጥ። ይህ ከተደረገ በኋላ ከአሮጌው ሥርዓት ጋር የሚያስተሳስራቸው ምክንያት እጅግ ይቀንሳል።